ያለ መኪና ወደ አቦሓጎ ቤት

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አራታችን በሦስት ብስክሌት ከአስመራው ሰፈራችን ከገጀረት ተነሣን። ነጻነት ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ፣ ወሩ ጥር ነበር፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። የምንሄደው ወደ አማቴ መንደር ነው፤ የባለቤቴ አባት ናቸው፣ ልጆቼ አቦሓጎ ይሏቸዋል፣ አያታችን እንደ ማለት። ከአስመራ በስተሰሜን የከረንን አስፋልት ይዞ እስከ ሰረጀቃ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ በጥርጊያ መንገድ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ ወደ ባሕር በኩል ከሚወርድበት አፋፍ አጠገብ። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ሰው አምስት ብር ከፍሎ እያንቀላፋ ይደርሳል። እኛ ግን በብስክሌት መሄድ ነበረብን፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ልዋም መኪና አይስማማትም።

አይስማማትም ስል አሳንሼ ነው። ልዋም አውቶቡስ ከወጣች ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደርስ ፊቷ ይገረጣል፣ በሦስተኛው ታስታውካለች፣ ከዚያ በኋላ መውረጃችን እስኪደርስ ማቆሚያ የለውም። ሎሚ አሸተትኳት፣ ዝንጅብል አስማኘኳት፣ ከሹፌሩ አጠገብ አስቀመጥኳት፣ አንድ ጊዜማ የጎረቤት ምክር ሰምቼ ሆዷን በሻሽ አሰርኩት። ወይ ፍንክች። ከሁለት ዓመት በፊት ለንግደት ስንሄድ መንደሩ ውስጥ የገባችው ትከሻዬ ላይ ተዘርራ፣ ፊቷና ቀሚሷ ተበላሽቶ ነው። ሊቀበሉን የቆሙት ልጆች ሳቁ። ልጆች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ መኪና የሚባል ነገር አልረገጠችም፤ አምና ጎረቤት ትተናት ሄድን።

ንግደት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ አገር እያንዳንዱ መንደር በዓመት አንድ ቀን የደብሩን በዓል ያከብራል። ከመንደሩ የወጣ ሁሉ የትም ይኑር የት በዚያ ቀን ይመለሳል፣ ቤቱ ሁሉ ክፍት ነው፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይበላል። አምና አማቴ ያን ሁሉ እንግዳ ትተው እኔን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ልዋም የታለች? ዓይናቸው እየደከመ ነው። ሐኪሙ ሞራ ነው ብሏል፣ እሳቸው እርጅና ነው ይላሉ። ዘንድሮ በሰው የላኩብን መልእክት አጭር ነበር፤ «ያለ ልዋም እንዳትመጡ። መልኳን ሳልረሳው ልያት።»

ይህን እራት ላይ እየተብሰከሰክን ስናወራ ልዋም ሰማችን። ከመኝታዋ ተነሥታ መጥታ «በብስክሌቴ እሄዳለሁ» አለች። አባቷ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ቆማ ስምምነቷን ዘረዘረችልን፤ ማንም አይገፋኝም፣ ማንም መኪና አያስቆምልኝም፣ ካልቻልኩ ዞሬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። የሕግ ባለሙያ ያህል ዘርዝራ ወደ አልጋዋ ተመለሰች።

ስለ ባለቤቴ ስለ ተኽለ ትንሽ መናገር አለብኝ። አናጢ ነው። ትውልዱ እዚያው መንደር፣ የተገናኘነው አዲስ አበባ፣ አስመራ የገባነው ከነጻነት በኋላ ነው። በወጣትነቱ ብስክሌት ይወዳደር ነበር። የተወዳደረው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱን አልጨረሰም፤ ስለ ሁለቱ ግን ከተጋባን ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ። እንደ አስመራ ሰው ሁሉ ብስክሌት ሲያይ ውድድር ይታየዋል። ስለዚህ ቤተሰቡን ቡድን አደረገው። በውድድር ሕግ ቡድኑ አንድ ካፒታኖ አለው፤ የቀሩት ግሬጋሪ ይባላሉ፣ ሥራቸው ካፒታኖው ፊት ሆነው ነፋስ መቁረጥ፣ ውሃ ማቀበል፣ ለእሱ መድከም ነው። ካፒታኖ ልዋም ሆነች። ተኽለ የአምስት ዓመቱን ናትናኤልን ራሱ በሠራው የእንጨት መቀመጫ ከኋላው ጭኖ አንደኛ ግሬጋሪ ሆነ። ሁለተኛዋ ግሬጋሪ እኔ ነኝ። ብስክሌት የተማርኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ እሑድ ጠዋት ጠዋት፣ ልዋም ኮርቻዬን ከኋላ ይዛልኝ ነው። ስለዚህ ስሜ ግሬጋሪ ይባል እንጂ ለቡድኑ ሸክም እንደምሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ማይ ተመናይ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ

ከተማው ገና አልነቃም። ጠራጊዎቹ ዋናውን ጎዳና ሲጠርጉ በመሃላቸው አለፍን። ማይ ተመናይ ስንደርስ አንዲት ሱቅ ስድስት ባኒ፣ የአስመራን ዳቦ፣ ገዛሁ፣ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሳንቲም። ባለ ሱቋ ሴትዮ ልዋምን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ብስክሌቷን ተኽለ ከሦስት ከተሰባበሩ ብስክሌቶች ነው የሠራው፤ መሪው ቀይ፣ የፊት ጎማው ከኋላው ትንሽ ያንሳል። ሴትዮዋ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን። ነገርናት። «ከዚች ቆልዓ ጋር?» አለችና አንድ ብርቱካን ጨምራ ለልዋም ሰጠቻት። ቆልዓ ልጅ ማለት ነው። ልዋም «የቐንየለይ» ብላ አመስግና ብርቱካኑን ለወንድሟ አቀበለችው። ከመንገድ በፊት ምንም አትበላም። የመኪና ልማዷ ነው፤ በብስክሌትም አልተዋትም።

ከከተማው እንደወጣን አስፋልቱ ሽቅብ ቁልቁል ይጀምራል። የዚህን አገር መንገድ የምወድለት አንድ ነገር አለ። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ሲያልፍ፣ ገበሬውም ወታደሩም ውሃ የቀዳች ሴትም «ኣጆኹም» ሳይሉ አያሳልፉም፤ አይዟችሁ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ መልስ ለመስጠት ስሞክር ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ልገባ ነበር። ተኽለ ራስሽን ነቅንቂ በቃ አለኝ።

እምባደርሆ ሳንደርስ ያለው ዳገት ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለማመዱ ተወዳዳሪዎች ከኋላ ደረሱብን። አሥር ይሆናሉ፣ ማልያቸው የተለያየ፣ እግራቸው ዘይት የተቀባ። ከእነሱ አንዱ ልዋምን ሲያልፍ፣ እዚህ እንደ ወግ ነው፣ መዳፉን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ገፋት። ለደከመ ሰው የሚደረግ ደግነት ነው። ልዋም ግን ጮኸችበት፤ «ኣይትድፍኣኒ!» አትግፋኝ። ልጁ ደንግጦ እጁን አነሣ። ተኽለ ስምምነታችንን ሲነግረው፣ ትንሽ አብሯት ሄደና ቆቡን አውልቆ «ይቅርታ ካፒታኖ» አላት። ቡድኑ በሙሉ ሳቀ፣ ግን የልግጫ አልነበረም። ከዚያ እስከ ዳገቱ ጫፍ ሳትወርድ ወጣችው። እኔ ወርጄ ነው የገፋሁት።

ሰረጀቃ፣ አራት ሰዓት

ሰረጀቃ አንድ ሻሂ ቤት በር ላይ ብስክሌቶቹን አስደግፈን ተቀመጥን። ሦስት ሻሂ፣ አንድ ውሃ፣ ባኒ ከማር ጋር። ልዋም ግማሽ ባኒ ተለምና በላች። እግሮቿን ደባበስኳቸው፤ ጭኗ ላይ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ደከመሽ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፣ መልሱን ፈርቼ ተውኩት። ልቤ ከሁለት ተከፍሏል። አንዱ ልቤ ይበቃታል ይላል፣ ሌላው የሽማግሌውን መልእክት ያስታውሰኛል። ተኽለ ግን እንደ ልጅ ደስ ብሎታል። ገና አራት ሰዓት ነው፣ ስምንት ሰዓት ሳይሆን ቤት እንገባለን፣ ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው አለ። ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይሄኔ ነበር።

ከሰረጀቃ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ አስፋልቱ ቀረ። ቀይ አፈር፣ ጠጠር፣ የዝናብ ቦይ የሰነጠቀው ጥርጊያ መንገድ። በስተግራ የተቃጠለ የጭነት መኪና ዝጎ ቆሟል፤ ናትናኤል ልውረድና ልንዳው አለ። እዚህ የተኽለ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ጎማ ያላለፈበት መሬት ላይ እግር አይረግጥም፣ ለሽንትም ቢሆን። ፈንጂው ተጠርጎ አላለቀም። ስለዚህ ናትናኤል መንገዱ መሃል ላይ ሆኖ፣ እኔ ነጠላዬን ዘርግቼ ከልዬው፣ የአንድ ንጉሥ ያህል ተከብሮ ሸና።

ያልታሰበው ግብዣ

አምስት ሰዓት ላይ ከአማቴ መንደር በፊት ያለችው መንደር ደረስን። ስሟን አልጽፍም፤ የሁለቱ መንደር ሰዎች በማንኛውም ነገር ስለሚፎካከሩ ነገር ባላበዛ ይሻላል። ገና ከሩቅ ከበሮ ሰማሁ። ነጭ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ተኽለን አየሁት፤ አንገቱን ያካል።

የአማቴ መንደር ንግደት እሑድ ነው። የዚችኛዋ ቅዳሜ። ተኽለ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ረሳሁት አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ረስቶት ይሁን ጠላው አስታውሶት ይሁን አላረጋገጥኩም። ለማንኛውም፣ በንግደት ቀን በመንደር መሃል ሳይበሉ ማለፍ አይቻልም፤ ከስድብ ይቆጠራል። ሁለት ሽማግሌዎች በትራቸውን አጋድመው መንገዱ ላይ ቆሙ። ተኽለ እንደምንቸኩል፣ የፊታችን ሜዳ ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚበዛበት፣ ልጆች እንደያዝን አስረዳ። አንደኛው ሽማግሌ በትዕግሥት ሰምተው ጨረሱና «ልክ ነህ ወደይ» አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዛሬ ግን መንገድ የለም። ንግደት ነው።»

ገባን። ዝግኒ የሚሉት ቀይ ወጣቸው ዓይን የሚያስለቅስ፣ ስጋው እንደ ጉድ፣ እነሱ ስዋ የሚሉት ጠላቸው በጣሳ ይመጣል፣ ጣሳው ጎደል ሲል አንድ እጅ ከየት መጣ ሳይባል ይሞላዋል። ስንወጣ የሁለተኛው ቤት እመቤት ደጃፏ ላይ ቆማለች፤ እዚያ በልታችሁ እኔን ልታልፉኝ ነው? ገባን። ሦስተኛው ቤት የተኽለ አባት የክርስትና ዘመድ ነው ተባለ፤ እዚያ ደግሞ ሜስ ነበረ፣ ጠጅ። ባለቤቴ እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነው፣ ለእንጨት ደንበኞቹም እንደዚያው ነው። እኔም ብሆን አፌን ሞልቼ ልወቅሰው አልችልም፣ ሁለተኛው ቤት ላይ ቀበቶዬን ፈትቻለሁ። ናትናኤል የስጋ አጥንት እንደያዘ አንዲት አሮጊት ጭን ላይ ተኛ።

ልዋም አልበላችም። ሆዷን እያሳየች ትግርኛና አማርኛ ቀላቅላ ስትለምን ሴቶቹ አዘኑላትና ተዉዋት፤ ታማሚ መሰለቻቸው። በራፉ ላይ ተቀምጣ ሰማዩን ታይ ነበር። ሦስተኛው ቤት ውስጥ መጥታ ጆሮዬ ሥር «ማማ፣ ነፋሱ ተነሥቷል» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ልቅሶ ነበር። ያን ጊዜ አፈርኩ። ተኽለን በዓይኔ ገረመምኩት፣ ተነሣን፣ መርቀው ሸኙን። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል።

ጎልጎል

ከዚያ መንደር እስከ አማቴ መንደር ያለውን ሜዳ ሰዎቹ ጎልጎል ብቻ ይሉታል፤ ትግርኛው ሜዳ ማለት ነው። ሌላ ስም አላስፈለገውም፣ ያለው እሱ ብቻ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ዛፍ የለም፣ አጥር የለም፣ ቤት የለም። ያጠረ ቢጫ ሣር፣ ጥቁር ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ ውሃ ያቆረ ጨፌ፤ ከሜዳው መጨረሻ ወዲያ ሰማይ ብቻ። ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ የማየው አገር ነው። የዚያን ቀን ግን ነፋሱ ከባሕር በኩል፣ ከገደሉ ሥር እየተነሣ፣ ያለምንም ከልካይ ፊታችን ላይ ይመጣል። ልብሴን ነፍቶ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ፔዳል ካላቆምኩ በቀር የማልወድቅ መሆኔን ብቻ እያሰብኩ ነበር።

ተኽለ በሕጉ መሠረት ካፒታኖው ፊት ገባ። ከኋላው ናትናኤል፣ ከሆዱ ውስጥ የሦስት ቤት ግብዣ ጭኖ፣ ነፋሱን ሊቆርጥ አጎንብሶ እንደ ወጣትነቱ ጀመረው። መጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ፎከረ። ሁለተኛው ላይ ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ ብስክሌቱ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች፣ ከዚያ ቆመ፣ ወረደ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ነጥቷል፣ ላቡ በብርድ ይወርዳል። እግሬ የእኔ አይደለም አለኝ። በውድድር ቋንቋቸው ይሄ ራሱን የቻለ ስም አለው፣ ሰውዬው በሰለ ይላሉ። ያልጨረሰው ውድድር ላይም እንዲህ ሆኖ እንደነበር ያን ቀን ነው የነገረኝ፤ ከተጋባን ጀምሮ ስሰማው ይህችን ክፍል ዘሏት ኖሯል።

እዚያ እንደተቀመጥን አንዲት ፒክአፕ ከኋላችን መጣች። ከንግደቱ የምትመለስ ናት፤ ከላይ አምስት ስድስት ሰዎች አሉ። ሹፌሩ መልካም ሰው ነበር። ተኽለን አየው፣ ልጆቹን አየ፣ ብስክሌቶቹን ከላይ እንጭናለን፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ እስከ አባታችሁ ደጃፍ አደርሳችኋለሁ አለ። እውነቱን ልናገር። ፈለግሁ። ከብስክሌቴ ወርጄ አንድ እጄ የፒክአፑን በር ይዞ ነበር። ባሌ ድንጋይ ላይ ተዝለፍልፎ፣ ትንሹ ልጄ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ነፋሱ እየበረታ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ። ታስታውካለች፤ ታስታውክ። ትደርሳለች፣ አያቷ ያዩዋታል። ተኽለም ቀና ብሎ ያየኝ ይህንኑ እያሰበ ነው። ማናችንም ወደ ልዋም ለማየት አልደፈርንም።

እሷ አላለቀሰችም። ስምምነታችንንም አላነሣችብንም። «እናንተ ሂዱ» አለች። «እኔ እመጣለሁ።»

ብስክሌቷን ይዛ ከተኽለ ፊት ቆመች። አባቷን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ የሚታዘዝ መሆን አለመሆኑን የምትመዝን መሰለኝ። ከዚያ በትግርኛ «ባባ፣ ድሕረይ ኹን» አለችው። ከኋላዬ ሁን።

ተኽለ ሊስቅ ሞከረ፣ አቃተው። ካፒታኖ ነፋስ አይቆርጥም፣ ሥርዓቱ አይደለም አላት።

«ካፒታኖዋ እኔ አይደለሁ?» አለች። «እኔ ያልኩት ነው የሚሆነው።»

ሹፌሩ አንድ ጋቢ ከወንበሩ ጀርባ አውጥቶ ናትናኤልን ጠቀለለውና፣ ልጁን ለእናንተው እመልሳለሁ፣ ብርዱ እንዳይመታው እዚህ ከእኔ ጋር ይሁን፣ ቀስ እያልኩ ከኋላችሁ እሄዳለሁ አለን። ናትናኤል የመኪና ነገር ሲሆን ለአባቱም አይጨነቅ፣ ሄደ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጀርባ ስንት ነፋስ ይከለክላል? ምንም። እኔም አውቃለሁ፣ ተኽለም ያውቃል። ነገር ግን ልዋም ፊት ስትሆን የጉዞው ልክ የእሷ ሆነ። አትሮጥም፣ አትቆምም። ቀይ መሪዋ ላይ ደፋ ብላ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፤ ድንጋይ ስታይ ቀኝ እጇን ዘርግታ ታመለክተናለች፣ አባቷ ያስተማራት ነው። ተኽለ ፔዳሉን ከእሷ ፔዳል ጋር አስማማው። እኔ ከእሱ ኋላ። ሆዷ ባዶ፣ እግሯ ቀላል፤ ከሁላችንም ብቁ የሆነችው መብላት የፈራችው ልጅ ነበረች። አንዴ ብቻ ዞር ብላ አለን ወይ ብላ አየችንና እንደገና ወደ ፊት ተመለሰች። እኔ በነፋሱ አመካኝቼ አለቀስኩ። ደስታ ነበር፣ ኩራት ነበር፣ በሩን የያዘው እጄም ያሳፍረኝ ነበር። ከኋላ ፒክአፑ ላይ ያሉት ሴቶች መጀመሪያ አንዷ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ከዚያ ሁሉም «ኣጆኺ፣ ኣጆኺ» ማለት ጀመሩ፤ አይዞሽ፣ ለእሷ ብቻ ነበር የሚሉት።

መንደሩ፣ አሥር ሰዓት

ለንግደቱ ዋዜማ እንግዳ ሊቀበል የወጣ ሰው መንደሩ አፍ ላይ ቆሟል። አማቴ ከፊት፣ በትራቸውን ተደግፈው። የቆሙበትን ቦታ ሳይ ገባኝ፤ አውቶቡሱ የሚቆምበት ነው። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ እንደነበሩ በኋላ ነገሩኝ። ከሩቅ የሚመጣውን በድምፅ እንጂ በዓይን አይለዩም። በኋላ ሰዎቹ እንደተረኩልኝ፣ ቀድማ የምትመጣው ትንሽ ነገር ምንድን ናት ብለው ጠየቁ። ልጅ ናት አሏቸው። ተኽለ የታለ? ከኋላዋ። ማናት ታዲያ?

ልዋም ራሷ መለሰች። ብስክሌቷን ጣል አድርጋ ሮጣ፣ «አቦሓጎ፣ እኔ ነኝ። በእግሬ መጣሁ» አለቻቸው። በብስክሌት ማለቷ ነው፣ ደስታው ቃሉን አጣመመባት።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸው አጠገብ አመጡት። ፊቷ በአቧራ ቀይ ሆኗል፣ ከንፈሯ በነፋስ ተሰንጥቋል። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ የጎደለ ጥርሷን። «ረኺበኪ» አሉ፣ አገኘሁሽ። ያኔ የሳቁት ልጆች ሁለት ዓመት አድገው ቀዩን ብስክሌት ከበው ቆመዋል፤ አንዱ ፈራ ተባ እያለ ልንካው ወይ አላት። ንካው አለችው።

በዚያ ምሽትና በንግደቱ ዕለት ልዋም የበላችውን ያህል ሰው ሲበላ አላየሁም። እያንዳንዱ ቤት ገባች። አማቴ ጋቢያቸው ሥር አድርገው ይዘዋት ይዞራሉ፣ ለየቤቱ ሰው ከአስመራ በነፋስ የመጣች ልጄ እያሉ ያስተዋውቃሉ። ተኽለም ስለ ውድድሮቹ ሊያወራ ሲጀምር የሚሰማው ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ስለ ሌላ ተወዳዳሪ ነበር የሚያወራው። ቅር ያለው አይመስልም።

መመለሻ

ሰኞ ማለዳ ተመለስን። ጎልጎሉን ነፋሱ ከኋላ እየገፋ በግማሽ ሰዓት አሻገረን፤ ያን ያህል ያስጨነቀን ሜዳ መሆኑን ለማመን ያስቸግራል። የሸኙን አማቴ ናቸው፣ እስከ መንደሩ አፍ በእግራቸው። የሰረጀቃው ሻሂ ቤት ቆምን፤ ልዋም ሁለት ባኒ በላች፣ መንገድ ላይ ሳትለመን ስትበላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ማይ ተመናይ ጋ ሰንሰለቴ ወለቀ፣ ተኽለ መለሰልኝ። ቀትር ላይ ገጀረት ገባን። ናትናኤል ተኝቷል፣ የተኽለ ጉልበት አብጧል፣ እኔ ለሁለት ቀን የምቀመጥበት አካል አልነበረኝም።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ለመናገር ትንሽ ያሳፍረኛል። ስንት ጊዜ ልጄን መኪና ለማስለመድ ደከምኩ። ሎሚው፣ ዝንጅብሉ፣ ሻሹ ሁሉ ጉድለቷን ለመሸፈን ነበር። እኔ ደካማ ልጅ አለችኝ ብዬ አምኜ ተቀምጬ ነበር፤ ስሳሳላት፣ ስደብቃት፣ ጎረቤት ትቻት ስሄድ። በዚያ ሜዳ ላይ በሩን የያዘው የእኔ እጅ ነው፣ መንገዱን የያዘችው እሷ ናት። ከእንግዲህ ልጅ አይችልም ከማለቴ በፊት በምን መንገድ ይችል ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። እናት ሆኜ ይህን ለማወቅ ዘጠኝ ዓመትና ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ፈጀብኝ።

ብስክሌቶቹን ወደ ግቢ ስናስገባ ጎረቤታችን አደይ ምጽላል በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። እንኳን በደህና ገባችሁ ካሉን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጅቷ እንዳትሰማ፣ እንደተለመደው ጠየቁኝ፤ «ምስኪን፣ እንዴት አድርጋችሁ አደረሳችኋት?»

«እኛ አይደለንም ያደረስናት፣ አደይ ምጽላል» አልኳቸው። «እሷ ናት ያደረሰችን።»